ፋይል፣ ዳታቤዝና ክላውድ በአንድ ኢንተርፌስ፦ ከስሙ በፊት ውሉ

ጥያቄ፦ ሶፍትዌራችን የተሞሉ ቅጾችንና ከቅጾቹ ጋር የተያያዙ ፎቶዎችን ያስቀምጣል። እስካሁን ሁሉም ነገር ፋይል ላይ ነበር። አሁን አንዱ ደንበኛ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ይሁንልኝ ይላል፣ ሌላው የክላውድ ኦብጀክት ስቶሬጅ (ዳታን በቁልፍ ስም ብቻ የሚያስቀምጥ የኢንተርኔት ማከማቻ) ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ለቴስት ሜሞሪ ላይ ብቻ የሚሠራ ያስፈልገናል። «አስቀምጥ፣ አምጣ፣ አጥፋ፣ ዘርዝር፣ ስም ቀይር፣ ፈልግ፣ ትራንዛክሽን ጀምር» የሚል አንድ ኢንተርፌስ (ፕሮግራሙ ማከማቻውን የሚያዝባቸው ጥሪዎች ዝርዝር) አወጣን። ችግሩ፣ አዳፕተሮቹ (ጥሪዎቹን በየማከማቻው የሚፈጽሙት ክፍሎች) ግማሹን ጥሪ «ይህን አልችልም» እያሉ ይመልሱታል። ሁሉም የሚችሉትን ብቻ እናስቀር ወይስ የሁሉንም ችሎታ እናካትት?

መልስ፦

ሁሉም የሚችሉትን ብቻ ካስቀራችሁ ፖስትግሬስን እንደ ተራ ፎልደር ትጠቀሙበታላችሁ። የሁሉንም ካካተታችሁ ደግሞ ዛሬ ያላችሁበት ቦታ ናችሁ፤ ኢንተርፌሱ አለ፣ ጠሪው (ኢንተርፌሱን የሚጠቀመው የፕሮግራሙ ክፍል) ግን ከሥሩ ማን እንዳለ ካላወቀ አንዱንም ጥሪ በእርግጠኝነት ሊጠራ አይችልም። ሁለቱም መንገዶች የሚነሱት «ማከማቻዎቹ ምን ይችላሉ?» ከሚል ጥያቄ ነው። እኔ የምላችሁ ከወዲያኛው ጫፍ ተነሡ ነው፦ ፕሮግራማችሁ ሥራውን ሳያበላሽ እንዲሠራ የግድ እውነት መሆን ያለበት ምንድን ነው? ያንን በተራ አማርኛ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኢንተርፌሱ ከውስጡ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም አሁን ከያዛችሁት ያጠረ ይሆናል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሮግራም በምን መለኪያ ወደ ክፍሎች ይከፈል የሚለውን ሲጽፍ፣ እያንዳንዱ ክፍል ወደፊት ሊለወጥ የሚችል ውሳኔን ከሌሎቹ ይሰውር ብሎ ነበር። እናንተ የምትሰውሩት ውሳኔ «ቅጹ የት ተቀመጠ» የሚለው ነው። ስለዚህ ኢንተርፌሱ ላይ የሚታየው ሁሉ ስለ ቅጽ መናገር አለበት። ስለ ፋይል ወይም ስለ ሠንጠረዥ መናገር ከጀመረ የሰወራችሁት ነገር አፈትልኮ ወጥቷል ማለት ነው።

«ስም ቀይር» የሚለውን እንይ፤ እኔ ብሆን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። የፖዚክስ (የሊኑክስና የመሰሎቹ መስፈርት) ፋይል ሲስተም ላይ፣ ቦታው ያው ፋይል ሲስተም እስከሆነ ድረስ፣ ስም መቀየር አቶሚክ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም የሚያየው ወይ የድሮውን ወይ አዲሱን ነው፣ መሃል ላይ ያለ ነገር አያይም። የአማዞን ኦብጀክት ስቶሬጅ በሆነው በኤስ 3 ተራ ባኬት (ማስቀመጫ) ላይ ግን ስም መቀየር የሚባል ነገር የለም። አዳፕተራችሁ ኮፒ አድርጎ ዋናውን ያጠፋል። በአንድ «ፎልደር» ውስጥ 10,000 ፋይል ካለ 10,000 ኮፒና 10,000 ማጥፋት ነው፤ ሂደቱ መንገድ ላይ ቢቋረጥ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ስሙ አንድ፣ ውሉ ግን ሌላ ነው።

ብዙ ዳታን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያሠራው ሃዱፕ በዚህ ምክንያት ብዙ ተቸግሯል። ሥራው ሲካሄድ ውጤቱ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይጻፋል፤ ሲያልቅ ፎልደሩ ስሙ ተቀይሮ ዋናው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ውጤቱ የሚጸድቀው በዚያ ነበር። ኤስ 3 በዚያው የፋይል ሲስተም ኢንተርፌስ ሥር ሲገባ ኮዱ ኮምፓይል አደረገ፣ ሮጠም። ማጽደቁ ግን ቀርፋፋና ለአደጋ የተጋለጠ ሆነ። ሃዱፕ 3.1 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ለኤስ 3 የተለየ ማጽደቂያ ይዞ መጣ፤ ፋይሉ በክፍል በክፍል ቀድሞ ይጫናል፣ «ጨርስ» የሚለው ትእዛዝ ግን የሚላከው ሥራው ሲጸድቅ ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ጠሪው ከመጀመሪያውም የፈለገው ስም መቀየር አልነበረም። የፈለገው «ያለቀውን ሥራ አሁን አሳይ» ነበር። ኢንተርፌሱ ያን ስም ይዞ ቢሆን ኖሮ ፋይል ሲስተሙ በስም ቅየራ፣ ኤስ 3 በራሱ መንገድ ይፈጽመው ነበር።

እኔም አንድ ቦታ ስሠራ ይኸው ደርሶብኛል። ቅጾች «በሂደት ላይ» ከሚል ፎልደር «የጸደቁ» ወደሚል ይዛወሩ ነበር፣ ሌሊት በሚሮጥ ፕሮግራም። ከፋይል ወደ ኦብጀክት ስቶሬጅ በተዛወርን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰርቨሩ በሥራው መሃል ሪስታርት አደረገ። ጠዋት የገቡት ሠራተኞች አንዳንዱን ቅጽ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አገኙት፤ የጸደቀውን ደግመው አጸደቁ። ለመለየት ሦስት ቀን ፈጀብን። መፍትሔው አጭር ነበር፦ ቅጹ መጽደቁ የሚታወቀው ቅጹ ውስጥ ባለ አንድ መስክ እንጂ በተቀመጠበት ፎልደር አይሁን። ይህን ካደረግን በኋላ «ስም ቀይር» የሚጠራ አንድም ቦታ አልቀረም።

አሁን የእናንተን ኢንተርፌስ ከዚህ አንግል ልጻፈው። ለቅጾች የሚያስፈልጋችሁ ይህን ያህል ይመስለኛል («እትም» የምለው ቅጹ የትኛው ጊዜ የተቀመጠው እንደሆነ የሚለየውን ነው)፦

አምጣ (መለያ) ← ቅጹና እትሙ፣ ወይም «አልተገኘም»
ብዙ አምጣ (መለያዎች) ← የተገኙት ቅጾች ከነእትማቸው
አስቀምጥ (ቅጽ፣ የማውቀው እትም) ← አዲስ እትም፣ ወይም «ተጋጭቷል»
አጥፋ (መለያ፣ የማውቀው እትም) ← እሺ፣ ወይም «ተጋጭቷል»
ያልጸደቁትን ዘርዝር (ከዚህ ምልክት በኋላ፣ እስከዚህ ብዛት) ← ቅጾችና ቀጣይ ምልክት

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው «አስቀምጥ» ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቅጽ ከፈቱ እንበል። አንዷ አድራሻውን አረመች፣ ሌላው ስልክ ቁጥሩን። ሁለቱም አስቀመጡ። «አስቀምጥ» ያለ እትም ከሆነ የኋለኛው የፊተኛዋን እርማት ደምስሶታል፤ ማንም አላየም፣ ስህተትም አልተመዘገበም። የዳታ መጥፋት ከሁሉ የከፋው ዓይነት ይህ ነው፣ ምክንያቱም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ውሉ እንዲህ ይላል፦ እኔ ያነበብኩት እትም አሁንም የመጨረሻው ከሆነ ብቻ ጻፍ፤ ካልሆነ አንዳች ሳትነካ «ተጋጭቷል» በለኝ።

አራቱም አዳፕተሮች ይህን ውል መጠበቅ ይችላሉ፤ መንገዳቸው ግን አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ፖስትግሬስ ላይ «መለያው ይህ፣ እትሙም ይህ የሆነውን ረድፍ አድስ» ትላላችሁ፤ የታደሰው ረድፍ ቁጥር ዜሮ ከሆነ ተጋጭቷል። ፋይል ላይ ሎክ (ሌላው በዚያው ጊዜ እንዳይጽፍ የሚያግድ ቁልፍ) ይዛችሁ ያለውን እትም ታነባላችሁ፣ አዲሱን እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ትጽፋላችሁ፣ ኤፍሲንክ ታደርጋላችሁ (የተጻፈው በእርግጥ ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ ታስገድዳላችሁ)፣ ስሙን ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ ፎልደሩንም ኤፍሲንክ ታደርጋላችሁ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ፋይሉ ተጽፎ ስሙ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። ጊዜያዊው ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ካረፈ ደግሞ ስም ቅየራው ራሱ ይከሽፋል። (አያችሁ፣ ስም መቀየር አልጠፋም። አቶሚክ በሆነበት በፋይል አዳፕተሩ ሆድ ውስጥ ገባ፤ ቦታውም እዚያ ነው።) ሜሞሪ ላይ ሎክና ቅጾቹን በመለያቸው የሚይዝ መዝገብ ይበቃል።

ኤስ 3 ላይ ከጥቂት ዓመት በፊት ይህን ውል ያለ ውጪ እርዳታ መጠበቅ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 «ከሌለ ብቻ ፍጠር» የሚለው ቅድመ ሁኔታ መጣ፣ በኅዳር ደግሞ «ኢታጉ ይህ ከሆነ ብቻ ተካ» የሚለው ተጨመረ፤ ኢታግ ኤስ 3 ለእያንዳንዱ ኦብጀክት የሚሰጠው መለያ ነው። ስለዚህ ኤስ 3 ላይ እትሙ ኢታጉ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣ አንድ ሕግ አለ፦ እትም ለጠሪው ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ይሁን። ቁጥር ካደረጋችሁት አንድ ቀን አንድ ሰው «እትም ሲደመር 1» ብሎ ይጽፋል፤ ፖስትግሬስ ላይ ይሠራል፣ ኤስ 3 ላይ ይወድቃል።

ኢታግ ወጥመድም አለው። በተለመደው አጫጫን ኢታጉ የሚሰላው ከይዘቱ ነው፤ ይዘቱ ወደ ድሮው ቢመለስ ኢታጉም ይመለሳል። እኔ «ክፍት» የሚለውን ቅጽ አነበብኩ፣ ሌላ ሰው ዘጋው፣ ሦስተኛ ሰው መልሶ ከፈተው፤ እኔ ሳስቀምጥ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማስቀመጥ ጊዜ አዲስ የዘፈቀደ «የለውጥ መለያ» ፍጠሩና ቅጹ ውስጥ ጻፉት። ይዘቱ ምንም ቢመለስ ኢታጉ አይደገምም። ለፋይሉና ለፖስትግሬሱም እትም አድርጋችሁ ይህንኑ መለያ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ይህ መለያ ሌላም ትልቅ ሥራ ይሠራል። ኔትወርክ ባለበት ሦስተኛ ዓይነት መልስ አለ፦ «ይሁን አይሁን አላውቅም»። የማስቀመጥ ጥያቄ ላካችሁ፣ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? ድጋሚ ስትልኩ «ተጋጭቷል» የሚል መልስ ከመጣ፣ የተጋጫችሁት ከራሳችሁ ከመጀመሪያው ሙከራ ጋር ሊሆን ይችላል። አዳፕተሩ ያን ጊዜ ቅጹን ያንብብና ውስጡ ያለውን የለውጥ መለያ ይመልከት፤ የራሱ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል፣ የሌላ ሰው ከሆነ ግጭቱን ለጠሪው ያሳውቅ። ፖስትግሬስም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ የዳታቤዙን «አጽድቅ» (COMMIT) ትእዛዝ ከላካችሁ በኋላ መልሱ ሳይደርስ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ያው ጥርጣሬ ላይ ናችሁ።

ስህተቶችን በዚሁ መንፈስ ተርጉሟቸው። ጠሪው የሚያደርገውን ነገር የሚለውጡ አራት መልሶች ይበቃሉ፦ አልተገኘም፣ ተጋጭቷል፣ ለጊዜው አልተቻለም፣ ውጤቱ አይታወቅም። የፖስትግሬስ የስህተት ኮድ ወይም የኤችቲቲፒ 412 («ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም») ከአዳፕተሩ ወጥቶ ጠሪው ጋ መድረስ የለበትም። ዝርዝሩ ሎግ ላይ በደንብ ይጻፍ፤ ሌሊት ችግር የሚፈታው ሰው ያስፈልገዋል።

ትራንዛክሽን፣ ማለትም ብዙ ለውጦች ወይ ሁሉም አብረው ይጻፉ ወይ አንዱም አይጻፍ የሚባልበት። ይህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ «ትራንዛክሽን ጀምር» ከጋራ ኢንተርፌስ ይውጣ። ኦብጀክት ስቶሬጅ ያን ቃል ሊጠብቅ አይችልም፤ የሚችሉትም ቢሆኑ ቃላቸው አንድ አይደለም። ፖስትግሬስ ካልነገራችሁት በቀር በሪድ ኮሚትድ ይሠራል (እያንዳንዱ ጥያቄ እስከዚያ የጸደቀውን ያያል)፣ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ኢኖዲቢ በሪፒተብል ሪድ (መጀመሪያ የታየው እስከ መጨረሻው ያው ነው)። ሌላው ዳታቤዝ ሞንጎዲቢ ብዙ ሰነድ የሚያካትት ትራንዛክሽን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2018 በ4.0 ነው። የአማዞኑ ዳታቤዝ ዳይናሞዲቢ በአንድ ትራንዛክሽን እስከ 100 ዕቃ ብቻ ይቀበላል። በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ስም መለጠፍ ጠሪውን ማሳሳት ነው።

ይልቁንስ ምን ምን አብሮ መለወጥ እንዳለበት ራሳችሁን ጠይቁ። ቅጹና የለውጥ ታሪኩ አብረው መሄድ ካለባቸው አንድ መዝገብ ውስጥ አስገቧቸው፤ የአንድ መዝገብ አቶሚክነት አራቱም ያውቁታል። ሁለት ቅጾች የግድ አብረው መለወጥ ካለባቸው፣ ለምሳሌ ከአንዱ ቀንሶ ሌላው ላይ መጨመር ካለ፣ በኢንተርፌሱ ላይ ራሱን «አዛውር» በሚል ስም አስቀምጡትና የሚችሉት ብቻ ይተግብሩት። ያን ጊዜ ኦብጀክት ስቶሬጅ ለፈለገው ደንበኛ «ለዚህ ሥራ አይሆንም» ብሎ በግልጽ መንገር ነው። ደንበኛን ማሳዘን ከባድ ነው፤ የተዛባ ሒሳብ ማስረከብ ግን ይብሳል።

«ፈልግ» የሚለውም እንደዚያው። የፈለገውን ማጣሪያ የሚቀበል አጠቃላይ ፍለጋ ካስቀመጣችሁ ፖስትግሬስ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ይጠቀማል፤ የፋይሉ አዳፕተር ግን እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ያነባል። በቴስት ላይ 20 ቅጽ ስላለ ሁሉም ፈጣን ይመስላል። ፕሮግራማችሁ በእርግጥ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ቁጠሩ፤ እኔ ካየኋቸው ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ከአሥር አይበልጡም። ለእያንዳንዱ ስም ስጡት፤ «ያልጸደቁትን ዘርዝር» ከእነዚያ አንዱ ነው። ብዙ ሠንጠረዥ የሚያገጣጥም ሪፖርት የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ደግሞ ሪፖርቱን ከጋራው ኢንተርፌስ ውጪ፣ ቀጥታ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጻፉለት፤ «ይህ ክፍል ፖስትግሬስ ብቻ ላይ ይሠራል» ብላችሁ ለዩት። በዚህ ማፈር አያስፈልግም።

ዝርዝር ራሱ ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ በገጽ ቁጥር አትሂዱ። ሰው ሁለተኛውን ገጽ ሲከፍት ከመጀመሪያው ገጽ አንድ ቅጽ ጠፍቶ ከሆነ አንድ ቅጽ ሳይታይ ያልፋል። ኤስ 3 በአንድ ጥያቄ ቢበዛ 1,000 ስም ሰጥቶ የመቀጠያ ምልክት ይመልሳል፤ ይህ አካሄድ ለሁሉም ይሠራል፣ ፖስትግሬስ ላይም «ከዚህ መለያ የሚበልጡትን» ማለት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን ወይ በውሉ ጻፉት ወይ «ቅደም ተከተል የለውም» በሉ። ኤስ 3 በዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ዘዴ) ባይት ቅደም ተከተል ይዘረዝራል፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዙ በተፈጠረበት ኮሌሽን (የፊደል አደራደር ሕግ) ይደረድራል፣ ፋይል ሲስተም እንደመጣለት ይሰጣል።

ኦብጀክት ስቶሬጅ ላይ «ያልጸደቁት» እንዴት ይገኛሉ? ኢንዴክስ የለም። አዳፕተሩ ለእያንዳንዱ ያልጸደቀ ቅጽ ባዶ ጠቋሚ ኦብጀክት ያስቀምጥ፣ ስሙም የቅጹን መለያና የለውጥ መለያውን ይያዝ። ሁለቱ ኦብጀክቶች አብረው ስለማይጻፉ ተራው ወሳኝ ነው፦ ያልጸደቀ ቅጽ ሲቀመጥ ጠቋሚው ይቅደም፣ ቅጹ ይከተል፣ የቀድሞው ጠቋሚ ካለ ከዚያ በኋላ ይነሳ። ሲጸድቅ ቅጹ ይቅደም፣ ጠቋሚው በኋላ ይጥፋ። መሃል ላይ ቢቋረጥ ትርፍ ጠቋሚ ይቀራል እንጂ የሚጎድል ጠቋሚ አይኖርም፤ ዘርዛሪው ቅጹን ከፍቶ ስለሚያረጋግጥ ትርፉ አይጎዳም። የለውጥ መለያው በስሙ ውስጥ ስላለም አንዱ ሰው የሌላውን አዲስ ጠቋሚ በስህተት አያጠፋም።

ፎቶዎቹን ከቅጾቹ ለዩ፤ ሌላ ትንሽ ኢንተርፌስ ይሁኑ። ቅጽ ትንሽ ነው፣ ይለዋወጣል፣ ይዘረዘራል። ፎቶ ትልቅ ነው፣ ከተጫነ አይለወጥም፣ የሚነበበውም በጥቂት በጥቂቱ እንጂ በአንዴ አይደለም። ዳይናሞዲቢ አንድ ዕቃ ከ400 ኪሎባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ ፖስትግሬስ በአንድ መስክ እስከ 1 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ግን ሙሉው ሜሞሪ ውስጥ እየገባ ነው። ለፎቶ «ጫን፣ ክፈት፣ አጥፋ» ይበቃል፤ በተጫነ ቁጥር አዲስ መለያ ይሰጠው፣ በላዩ ላይ መጻፍ አይፈቀድ። እንዲህ ሲለያዩ ፖስትግሬስ የፈለገው ደንበኛ ቅጹን እዚያ፣ ፎቶውን ዲስክ ላይ ማድረግ ይችላል። ትራንዛክሽንም አያስፈልግም፦ ፎቶው መጀመሪያ ይጫን፣ መለያውን የያዘው ቅጽ በኋላ ይቀመጥ፤ ቅጽ ያላገኙ የቆዩ ፎቶዎችን ሌላ ፕሮግራም ቀስ ብሎ ያጽዳ።

«ትችላለህ ወይ?» ብሎ አዳፕተሩን መጠየቅስ? ፕሮግራሞችን ከልዩ ልዩ ዳታቤዞች ጋር የሚያገናኘው ኦዲቢሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ድራይቨሩ (የዳታቤዙ አገናኝ) ምን እንደሚችል የሚጠየቅበት ጥሪ ነበረው፤ የጃቫው ጄዲቢሲም ከኋላው መጥቶ ይህንኑ አደረገ። ለእነሱ ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም ከማያውቁት ዳታቤዝና ከማያውቁት ፕሮግራም መካከል ነው የሚቆሙት። እናንተ ግን ፕሮግራማችሁን ታውቃላችሁ። «ከቻለ እንዲህ፣ ካልቻለ እንዲያ» የሚል ቅርንጫፍ በየሥራ ኮዱ ከተሰራጨ ማከማቻው በሁሉም ቦታ ገባ ማለት ነው። ጥያቄው አንድ ጊዜ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይጠየቅ፤ አዳፕተሩ የሚፈለገውን ካላሟላ ፕሮግራሙ አይነሳ።

ሊሰወር የማይችል ነገር አለ፣ እሱም ጊዜ ነው። 500 ቅጽ በሉፕ አንድ በአንድ ማምጣት ሜሞሪ ላይ ቅጽበት ነው፤ አንዱ ጥሪ 20 ሚሊሰከንድ በሚፈጅበት ኔትወርክ ላይ ግን 10 ሰከንድ ነው። «ብዙ አምጣ»ን ከላይ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ኢንተርፌስ ስትጽፉ ሁልጊዜ የሩቁን ማከማቻ አስቡ፤ ለሩቁ የሚስማማ ጥሪ ለቅርቡም ይስማማል፣ የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም።

መለያን በተመለከተ አንድ እኛን በቅርብ የሚነካ ነገር ልበል። በሊኑክስ ፋይል ሲስተም በኢኤክስቲ4 ላይ የፋይል ስም ቢበዛ 255 ባይት ነው፣ የኤስ 3 ቁልፍ 1,024 ባይት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ 255 ባይት ማለት 85 ፊደል ብቻ ነው። የቅጹን ርዕስ የፋይል ስም ያደረገ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ርዕስ ተፈትኖ ያልፍና በአማርኛ ርዕስ ይወድቃል። አንዳንዱ ፋይል ሲስተም ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን አይለይም፤ ሁለት መለያዎች አንድ ፋይል ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ መለያውን ፕሮግራሙ ራሱ ይፍጠር፣ በትናንሽ የላቲን ፊደላትና በቁጥር ብቻ፤ ርዕሱ ቅጹ ውስጥ ይቀመጥ።

ዳታው ራሱም በየማከማቻው ይለዋወጣል። ፖስትግሬስ ሰዓትን እስከ ማይክሮሰከንድ ይይዛል፣ ሞንጎዲቢ እስከ ሚሊሰከንድ፣ የማይኤስኪውኤል ዴትታይም ካላዘዛችሁት ሙሉ ሰከንድ ብቻ። የኦራክል ዳታቤዝ ባዶ ጽሑፍን ዋጋ እንደሌለው (NULL) ይቆጥራል። ፖስትግሬስ በጽሑፍ መስክ ውስጥ ዜሮ ባይትን አይቀበልም። ውሉ «ሰዓት እስከ ሚሊሰከንድ፣ ባዶ ጽሑፍና አለመኖር የተለያዩ ናቸው» ብሎ ከወሰነ እያንዳንዱ አዳፕተር ይህን ለማክበር የራሱን ትርጉም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ግን አይጠብቅም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ባርባራ ሊስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ከጃኔት ዊንግ ጋርም በ1994 እንዳስረዳችው፣ አንዱ በሌላው መተካት የሚችለው ጠሪው የተማመነበት ባሕርይ ሁሉ ሲጠበቅ ነው፤ የጥሪዎቹ ቅርጽ መመሳሰሉ አይበቃም። ስለዚህ አንድ የጋራ የቴስት ስብስብ ጻፉ፣ አራቱም አዳፕተሮች በዚያው ይፈተኑ። እኔ መጀመሪያ የማስገባቸው እነዚህን ነው፦ በአሮጌ እትም ማስቀመጥ «ተጋጭቷል» ይበል፣ ቅጹም አይነካ፤ 20 ሂደቶች በአንድ እትም እኩል ሲያስቀምጡ አንዱ ብቻ ይሳካለት፤ 2,500 ቅጽ ሲዘረዘር አንድም አይጉደል፤ ባዶ ጽሑፍ ባዶ ሆኖ ይመለስ፤ ሰዓቱ በሚሊሰከንድ እኩል ይሁን፤ ከተቀመጠ በኋላ ያለው ንባብ አዲሱን ይስጥ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ኤስ 3 ግን እ.ኤ.አ. እስከ ታኅሣሥ 2020 ድረስ በላዩ ላይ ለተጻፈ ኦብጀክት ይህን ዋስትና አይሰጥም ነበር። ቴስቶቹን እውነተኛ ፖስትግሬስና እውነተኛ ባኬት ላይ አሩጧቸው፤ ኤስ 3ን የሚመስል ሰርቨር ለዕለት ሥራ ጥሩ ነው፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አይበቃም።

የሜሞሪው አዳፕተር ቀላል ስለሚመስል ትኩረት አይሰጠውም፤ እኔን ግን ብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ እሱ ነው። «አስቀምጥ» ሲባል የተሰጠውን ቅጽ ኮፒ ሳያደርግ ራሱን መዝገቡ ውስጥ ያስገባል፣ «አምጣ» ሲባል ያንኑ ይመልሳል። ጠሪው ያመጣውን ቅጽ «ጸድቋል» ብሎ ይለውጥና ማስቀመጥ ይረሳል። ቴስቱ እንደገና ሲያመጣው ጸድቆ ያገኘዋል፣ ምክንያቱም የለወጠው መዝገቡ ውስጥ ያለውን ነው። ቴስቱ አለፈ፤ ፖስትግሬስ ላይ ግን ምንም አልተቀመጠም። የሜሞሪው አዳፕተር ሲገባም ሲወጣም ቅጹን ወደ ጄሰን (ወደ ተራ ጽሑፍ) ለውጦ ይመልሰው፤ ለሎኩ የምትሰጡትን ያህል ጥንቃቄ ለዚህም ስጡ።

ሥራውን በምን ተራ ትሂዱበት? መጀመሪያ የቴስት ስብስቡንና የሜሞሪውን አዳፕተር፣ ቀጥሎ የኦብጀክት ስቶሬጁን። ፖስትግሬስን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ እሱ ማንኛውንም ውል ስለሚችል ኢንተርፌሳችሁ የት ላይ እንደተሳሳተ አይነግራችሁም። ኦብጀክት ስቶሬጁ ግን ወዲያው ይነግራችኋል። እስከዚያ ድረስ የጥሪዎቹን ስም አትቆልፏቸው፣ ሌላ ቡድንም እንዲጠቀምባቸው አትስጡ።

አሁን ዲስክ ላይ ያሉት የድሮ ቅጾች የለውጥ መለያ የላቸውም። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ለመለወጥ አትሞክሩ። የፋይሉ አዳፕተር ቅጹን ሲከፍት መለያ ካላገኘ «አሮጌ» የሚል ቋሚ እትም ይስጠው፤ ቅጹ መጀመሪያ የተቀመጠ ዕለት እውነተኛ መለያ ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ቅጽ ይሆናል።